የዘገየ ሰው መቀመጫ

ጋሽ ናሆም የጥሩምባቸውን አፍ በግማሽ ሎሚ እያሹ ነበር። ያሻሉ፣ በጨርቅ ይወለውላሉ፣ ወደ መስኮቱ አንስተው ያያሉ፣ እንደገና ያሻሉ። ሊፍቱ መጥቶ በሩን ከፈተላቸው። አልገቡም። ጥቂት ጠበቃቸውና ባዶውን ወረደ።

አዳማ ውስጥ የብሎክ ሃያ ሁለት ዕድር ጥሩምባ ነፊ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰው ሲሞት በሊፍቱ እስከ መጨረሻው ፎቅ ይወጣሉ። ከዚያ በየፎቁ በሩ ሲከፈት አንገታቸውን ብቅ አድርገው አንድ ጊዜ ይነፋሉ፣ የሟቹን ስም ይናገራሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ ወደ ታች። ምድር ቤት ሲደርሱ ሕንፃው በሙሉ ነጠላውን እየዘቀዘቀ ነው።

ዛሬ የሞተ ሰው የለም። ሎሚውን ደጋግመው የሚያሹትም ለዚህ ነው። ጥሩምባውን ለሌላ ጉዳይ ነፍተውት አያውቁም፤ ለሠርግ ተለምነው እንኳ እምቢ ብለዋል።

«ከከበደዎት ይቅር፣ አባባ፤» አለች ለሊሴ።

ለሊሴ የልጃቸው ልጅ ናት። በዩኒቨርሲቲው የሕንፃ ጥበብ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ሰው ፊት ስትናገር የምታየው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የራሷን ጫማ ነው።

«መብራትሽ እንዴት ነው?»

«ትላንት ዳሩ ላይ ትንሽ አረንጓዴ ያየሁ መስሎኝ ነበር። የመስኮቱ ነጸብራቅ ነው።»

«ኤግዚቢሽኑ የሚዘጋውስ?»

«ዛሬ ማታ።»

ጋሽ ናሆም ሎሚውን አስቀመጡና የሊፍቱን ቁልፍ ተጫኑ።

መብራቱን የማያውቅ የለም። ከየሥራው በላይ የሚንጠለጠል ክብ ነው፤ የሰው ዓይን በሥራው ላይ ሲያርፍ ከዳር ጀምሮ አረንጓዴ እየሆነ ይሞላል። የማሽን ዓይን አይሞላውም፤ ማሽን ሁሉንም ነገር አይቶ ጨርሷል። ልቡ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው ዓይንም አይሞላውም። ክቡ የሞላ ሥራ «ታየ» ይባላል፤ የሕንፃ ንድፍ ከሆነም ይገነባል። ያልሞላው ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ይጠፋል። አልታየማ።

ችግሩ የሠሪው መብዛት ነው። መሥራት እንደ መተንፈስ ከቀለለ ወዲህ የማይሠራ ሰው የለም። የጥርስ ሐኪሙ ተራ መጠበቂያ ክፍል በሐውልቶቹ ተሞልቷል፤ በሽተኛው አፉን ከመክፈቱ በፊት ዓይኑን መክፈት አለበት። ዳቦ ቤት የሚሰለፍ ሰው ዳቦውን ከመቀበሉ በፊት የጋጋሪውን ሥዕል ያያል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሊፍት ውስጥ ላለመገናኘት በደረጃ ይወርዳል። ሰዎች ዓይናቸውን ለመቆጠብ ጥቁር መነጽር አድርገው ይውላሉ። ልጆች መንገድ ላይ ነጠላ ይዘው እየጎተቱ «እማማ፣ ይቺን ብቻ፣ ይቺን ብቻ» ይላሉ። መሰነባበቻው ራሱ «ዓይንዎን አይንሱኝ» ሆኗል።

ለሊሴ ለኤግዚቢሽኑ ያቀረበችው የለቅሶ መቀመጫ ቤት ነው። በአዳማ ድንኳን መትከያ መንገድ ከጠፋ ቆይቷል፤ የእግረኛው ንጣፍ ካስማ አይቀበልም። ብሎክ ሃያ ሁለት ለቅሶ የሚቀመጠው በኮሪደርና በደረጃ ላይ ነው። ሐዘንተኛው ዘጠነኛ ፎቅ ከሆነ ለቀስተኛው ከሰባተኛ እስከ አሥራ አንደኛ ይደረደራል። አንድ ጊዜ ዕቃ ሊያደርስ የመጣ ወጣት መውጫ አጥቶ ከሰዎቹ መሃል ተቀምጦ፣ ንፍሮ በልቶ፣ አልቅሶ ሄዷል። ከብሎኩ ጀርባ አንድ ባዶ ቦታ አለ። የለሊሴ መብራት ከሞላ ቤቱ እዚያ ይሠራል፤ ካልሞላ ቦታው ለመኪና ኃይል መሙያ ይሰጣል። የመሙያው ንድፍ ባለፈው ሳምንት ታይቶ አልቋል። ሲበራ ሲጠፋ ሰው ይስባል።

ጋሽ ናሆም ከላይኛው ፎቅ ጀመሩ።

«የብሎክ ሃያ ሁለት ዕድርተኞች! ማንም አልሞተም!»

ነፉ። በሩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ፎቅም እንዲሁ። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የዕድሩ ዳኛ እትዬ ሶሊያና ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሊፍቱ በር ላይ ቆመው አገኟቸው።

«ማን ነው? ናሆም፣ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም አልኩ እኮ፣ ሶሊ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው በጠዋት የምታስለቅሰኝ?»

«ለለሊሴ እንድንደርስላት ነው።»

«ታመመች?»

«ኤግዚቢሽን አላት።»

ከኮሪደሩ ጫፍ ሁለት በሮች ቀስ ብለው ተዘጉ። እትዬ ሶሊያና እንባቸውን ጠረጉ፤ ባከነ እንጂ ምን ይደረጋል።

«ናሆም፣ ዕድሩ ለለቅሶ ነው። ደንቡን አንተው ነህ በየዓመቱ የምትጮኸው። ዛሬ ለለሊሴ ስንሄድ፣ ነገ የሁሉም ልጅ ሥዕል ይዞ ይሰለፍብናል።»

«ማታ ሲጠፋባትስ? አትደርሺም?»

«እሱማ ሐዘን ነው። እንዴት አልደርስም?»

«እንግዲያው ሳይሞት እንድረስ። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድመን ብንገኝ ምን አለበት?»

የሊፍቱ በር ሊዘጋ ሲል እትዬ ሶሊያና እግራቸውን አስገቡ። ወደ ውስጥ ገቡና ከጋሽ ናሆም አጠገብ ቆሙ። ስምንተኛ ፎቅ ላይ የጮኹት እሳቸው ናቸው።

«ዕድሩ ይደርሳል! የቀረ አልደረሰም ነው!»

ከሰዓት በኋላ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ደረሱ። ምን እንደሚለበስ ማንም አልተናገረም፤ ነጠላ ሁሉ ግን ተዘቅዝቋል። ምን እንደሚያዝም አልተባለም፤ አግዳሚ ወንበሮቹ ግን በጋሽ ያፌት ባጃጅ ተጭነው እየመጡ ነው። በከተማው በሰው እጅ የሚነዳው የመጨረሻው ባጃጅ ይህ ነው። ጋሽ ያፌት ወንበሩን አራግፈው ሌላ ለማምጣት ተመለሱ። ሁልጊዜም ሌላውን ሲያደርሱ እሳቸው ይዘገያሉ።

የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ ረጅም ነው። ተማሪዎቹ በየሥራቸው አጠገብ ቆሎ በሰሃን ይዘው ቆመዋል፤ ማቅረብ ይፈቀዳል፣ ማስገደድ አይፈቀድም። አንደኛው የራሱን ሥዕል እንደ ጎብኚ እያየ፣ ላለፈው ላገደመው «ግሩም ነው፣ አይደል?» ይላል። ሌላዋ የሠራችው ሐውልት ሰውን በስሙ ይጠራል። ጥቁር መነጽር ያላደረገ ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ ሲገባ አዳራሹ ተንጫጫ። ቆሎ ከየአቅጣጫው ተዘረጋ።

«ጋሽ ናሆም!» አለ ሐውልቱ። «ቆዩ እንጂ!»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤» አሉ ጋሽ ናሆም ቀና ሳይሉ፣ አለፉ።

ዕድሩ በሙሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንንም ምንንም ሳያይ፣ በቀስታ አዳራሹን አቋርጦ የለሊሴ ሞዴል ዘንድ ደረሰ። ከነጭ ካርቶን የተሠራ ነው፤ ጠረጴዛ የሚያህል ቤት፣ ጣሪያው ተነስቶ ውስጡ የሚታይ። ወንበሮቹ በሦስት ጎን ተደረደሩ። ወንዶቹ በዚህ፣ ሴቶቹ በዚያ ተቀመጡ። እትዬ ሶሊያና ለሊሴን አቅፈው ሳሟት።

«እግዜር ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ።»

«አሜን፤» አለች ለሊሴ። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ «እኔ እኮ ደህና ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱስ ነሽ። ግን ሌላ ምን ይባላል?»

ማንም አላወቀም። ሁሉም ተቀመጠ፣ እጁን ጭኑ ላይ አጣጠፈ፣ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

ለሊሴ መብራቱን ቀና ብላ አየች። ምንም የለም።

ለቅሶ ቤት ገብቶ ግድግዳና ጣሪያ የሚያይ ሰው ስሙ ይነሳል፤ ቤት ሊያይ መጣ ይባላል። የብሎክ ሃያ ሁለት ዕድር በጨዋነቱ የታወቀ ነው። አሁንም ጨዋነቱን አላጎደለም። አንዳንዶቹ ይተክዛሉ። አንዳንዶቹ በልጅነታቸው ስልክ ላይ ቪዲዮ ሲያሳልፉ የኖሩ ናቸውና፣ ዝምታ ሲበዛ አውራ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ብቻውን ወደ ላይ ሸርተት ሸርተት ይላል።

«እዩት እንጂ፤» ሲሉ ጋሽ ናሆም ሹክ አሉ።

«እያየን ነው፤» አለ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ ጫማውን እያየ።

የአዳራሹ ተቆጣጣሪ፣ ደረቷ ላይ አረንጓዴ ሪባን ያሰረች ሴት፣ መጥታ መብራቱን አየችና ሰዎቹን አየች።

«የሞተ አለ?»

«እስካሁን የለም፤» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ልንዘጋ ትንሽ ነው የቀረን፤» ብላ ሄደች።

ለሊሴ አጠገባቸው ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እንዲያዩላት መናገር ነበረባት። አረፍተ ነገሩ ከጠዋት ጀምሮ ተዘጋጅቶ አፏ ውስጥ አለ። ግን ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ እንዴት ቀና በሉ ይባላል?

ያዳናት የእትዬ ሶሊያና አንገት ነው። ሪህ ስላለባቸው ብዙ ደፍተው መቆየት አይችሉም። ሊያሳርፉት ቀና ሲሉ ዓይናቸው ሞዴሉ ላይ ወደቀ፣ ቤቱ ውስጥ የተተከሉ አውራ ጣት የማይሞሉ የካርቶን ሰዎች ላይ። ከመካከላቸው አንዷ ወደ ጎን ዘመም ብላለች።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

ለሊሴ ቀጥተኛ ልጅ ናት። «አይደሉም፣ እትዬ። ሙጫው ሳይደርቅ ነክቻት ነው። ማንም አይደሉም፤ የመጠን ሰዎች ናቸው።»

«የመጠን ሰው ምን ማለት ነው?»

«ቤቱ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ እንዲታወቅ ብቻ የሚቆም ሰው።»

«እና ማንም አይደለችም?»

ጋሽ ናሆም የልጅ ልጃቸውን እግር ረገጡ። ረፍዶ ነበር።

«ማንም፤» አለች ለሊሴ።

እትዬ ሶሊያና ከወንበራቸው ተነሱ። «ወገቧን እያት፣ ናሆም! ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የቆምኩት። ይሄ ሙጫ ነው?» ጣታቸውን ሲዘረጉ ተቆጣጣሪዋ ከሩቅ ጮኸች። «እንዳይነኩ! ከተነካ መብራቱ ከመጀመሪያው ይጀምራል!» ጣታቸው አየር ላይ ቀረ፤ ዓይናቸው ግን ካርቶኗ ላይ ነው።

የመብራቱ ዳር እንደ ጥፍር ጨረቃ አረንጓዴ ሆነ። ለሊሴ በዚህ ጊዜ ነጸብራቅ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ መስኮቱን አየች። ደመና ነው።

«እሷ አንቺ ከሆንሽ አጠገብሽ ያለው ማን ነው?» አለ የአራተኛ ፎቁ ሰውዬ፣ አንገቱን እያሰገገ።

«አንተ ነሃ። ሆዱን አታየውም?»

«እኔ ምሰሶ ሥር ተቀምጬ አላውቅም! ብርድ ነው። ማን ነው እዚያ የወሰደኝ?»

«ወዲያ ጥግ ያለው ሁን።»

«እሱ እኔ ነኝ!» አሉ ሌላ ሽማግሌ ከኋላ፣ እየተጋፉ። «እንደገባሁ ጥግ ነው የምይዘው። ዕድሩ ያውቃል።»

ወንበሮቹ ተንኳኩ። ሰው ሁሉ ራሱን ለመፈለግ ጎንበስ አለ። ያገኘ ቦታውን ያስከብራል፣ ያላገኘ የሌላውን ይቀማል። ቦታ ከያዙ በኋላ ደግሞ ቤቱ ይታያቸው ጀመር።

«አንቺ ልጅ፣ በሩ ለምን በጎን ሆነ? ሰው በፊት ለፊት ነው የሚገባው።»

ለሊሴ ጫማዋን አየች። ከዚያ ትታው ሞዴሉን አየች። «በፊት ለፊት ከተገባ፣ ሰው በገባ ቁጥር ሐዘንተኛው ይነሳል። በጎን ከሆነ ሳይነሳ ያየዋል።»

«መነሳት አለበት እንጂ! ካልተነሳ ምኑን ሐዘንተኛ ሆነ?»

«ጉልበቱስ?»

«ጉልበት ለሐዘን ካልሆነ ለምንድን ነው?»

«እናቴ የሞተች ጊዜ አባባ ስንት ጊዜ እንደተነሱ አይቻለሁ፤» አለች ለሊሴ። ድምፅዋ ከፍ ብሎ እሷንም አስደነገጣት። «በሦስተኛው ቀን ተደግፈው ነበር የሚነሱት። በሩ በጎን ነው።»

«እኔ መነሳቱ አልከበደኝም፤» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ከብዶዎት ነበር፣ አባባ።»

«በጎን ይሁን፤» አለች አንዲት ሴት። «አይሁን!» አሉ ሽማግሌው ከጥጉ። ክርክሩ ወደ ጣሪያው ከፍታ፣ ከዚያ ወደ ንፍሮ ማስቀመጫው ሄደ። ለሊሴ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ያልተናገረችውን ያህል ተናገረች። በአንዱ ተሸነፈች፣ በሦስቱ እምቢ አለች። መብራቱ ግማሹን አለፈ፣ ሲሶው ቀረ፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠነች ጨለማ ብቻ ቀረችና ቆመ።

ጋሽ ያፌት የመጨረሻዎቹን ወንበሮች ተሸክመው የገቡት ያኔ ነው።

«ያፌት! ና፣ ራስህን ፈልግ!»

ጋሽ ያፌት ወንበሮቹን አሳርፈው ቀረቡ፣ በሰዎቹ ትከሻ መሃል አሾለኩ። አንዱን ጠቆሙ፤ ተይዟል። ሌላውንም ጠቆሙ፤ እሱም ተይዟል። ሐዘንተኛው ብቻ ነበር ያልተያዘው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይፈልገውም።

«ግዴለም፤» አሉ ጋሽ ያፌት። «እኔ መቼም ቦታ ኖሮኝ አያውቅም።» ወደ አዳራሹ በር ሄደው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ አንገታቸውን ደፉ። በጨዋነት ሳይሆን በኩርፊያ።

ዕድሩ ደነገጠ። ዕድር ውስጥ ሰው ይጣላል፣ ይሰዳደባል፤ መዘንጋት ግን ከባድ ነገር ነው። ሁሉም ዓይኑን ከሞዴሉ አንስቶ ጋሽ ያፌትን ያይ ጀመር። መብራቱ ባለበት ቆሟል።

«አንድ ሰው ጨምሪላቸው፤» አሉ እትዬ ሶሊያና።

«መንካት አይቻልም።»

«እኔን ስጪያቸው እንግዲህ። ዘመም ያልኩትን።»

ተቆጣጣሪዋ ከአዳራሹ ጫፍ ጀምራ ያልሞሉትን መብራቶች እያጠፋች ትመጣለች። ስም የሚጠራው ሐውልት አንድ ጊዜ «ቆዩ እ...» ብሎ ዝም አለ።

ለሊሴ ጋሽ ያፌት ዘንድ ሄደች። ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ጫማዋን አላየችም።

«ጋሽ ያፌት፣ ይምጡና አንድ ነገር ይዩልኝ።»

«አይቻለሁ፣ ልጄ። ያምራል።»

«አላዩም። በሩ አጠገብ፣ ከውጭ በኩል፣ ዝቅ ያለ ግንብ አለ። ጣሪያው እስከዚያ ድረስ ይወጣል፤ ዝናብ አያገኘውም። ማንም አልተቀመጠበትም።»

«ለምንድን ነው?»

«የዘገየ ሰው መቀመጫ ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰው መሃል ለመሃል ሰው እየረገጠ መግባት ያሳፍረዋል። እዚያ ቢቀመጥ በጎኑ በር ሐዘንተኛው ያየዋል፣ እሱም ሐዘንተኛውን ያያል። ደረሰ ማለት ነው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለእናቴ ለቅሶ የመጡ ቀን ሊፍቱ በር ላይ ነበር የቆሙት። በተከፈተ ቁጥር ይቅርታ እያሉ ለሚወጣው መንገድ ሲለቁ ዋሉ። ሳይቀመጡ ነው የሄዱት። እኔ ከውስጥ ሆኜ አይቼዎት ነበር።»

ጋሽ ያፌት ከግድግዳው ተላቀቁና መጡ። ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ጎንበስ አሉ፤ አልበቃቸውም፤ በአንድ ጉልበታቸው ተንበርክከው ዓይናቸውን ከትንሹ ግንብ ጋር አስተካከሉ። በትንሹ በር በኩል ወደ ውስጥ አዩ፣ እስከ ሐዘንተኛው ድረስ። አውራ ጣታቸው ጭናቸው ላይ ጸጥ ብላለች።

«ከዚህ ይታያል፤» አሉ በመጨረሻ። «አባባሽ ከዚህ ይታያል።»

ጋሽ ናሆም ሰው የማይፈልገውን፣ መሃል የተቀመጠውን የካርቶን ሰው አዩት። «እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ከላይ ክቡ ገጠመ። አረንጓዴው በሰዎቹ ነጠላ ላይ ወረደ። አንድ ሰው በልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ነፍስ ይማር» አለና የገዛ አፉን ያዘ።

«ታየ፤» አለች ተቆጣጣሪዋ። ሞዴሉን እሷም አንድ ጊዜ አየችው፤ ግዴታዋ አልነበረም። «አሁን መንካት ይቻላል።»

እትዬ ሶሊያና መጀመሪያ የነኩት ዘመም ያለችዋን ነው። ሊያቀኗት ሞከሩና ተዉዋት።

ወንበሮቹ ይነሱ ጀመር። አንገቱን ደፍቶ የገባው ዕድር ሲወጣ ግን አልደፋም። በሩ አጠገብ እትዬ ሶሊያና አንድ ሥዕል ፊት ቆመው «ይሄ ደግሞ ምኑ ነው? ፍየል ነው?» ሲሉ፣ የሥዕሉ ባለቤት ቆሎውን እጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው። ከሥዕሉ በላይ ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። ጋሽ ናሆም ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው «ነገ ደግሞ የማንን ልንፋ ነው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ለሊሴ ከቦርሳዋ ትራፊ ካርቶንና መቀስ አወጣች። ጋሽ ያፌት አጠገቧ ቆመው ያያሉ።

«ቆመው ነው ተቀምጠው?»

«አንድ ጊዜ እንኳ ልቀመጥ እንጂ።»

ቆረጠች። ጉልበቱን በጥፍሯ አጠፈችው። እግሩን ሙጫ አስነክታ፣ በወረንጦ ይዛ፣ ዝቅ ባለው ግንብ ላይ አስቀመጠችውና ሙጫው እስኪይዝ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ያዘ። ዘመም አላለም።

የሙጫውን ክዳን ገጠመች፣ መቀሱን ዘግታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አኖረችው።